የእማማ ጾና ማሽን

«አማቴን ማጠቢያ ማሽኑ አይጠገንም በያቸው፤ በቃ» አለ ስቪለን፣ በአምስተኛውና በስድስተኛው ፎቅ መካከል ደረጃው ላይ ቆሞ። ዶብሪንካ የመፍቻ ሣጥኗን ከቀኝ ወደ ግራ እጇ አዛወረች። ሊፍቱ ከመስከረም ጀምሮ ከአምስተኛ በላይ አልወጣም ስላለ የቀረውን ሁሉም በእግሩ ነው የሚወጣው፤ ስቪለን ቁልቁል ወርዶ የጠበቃት ግን ሣጥኑን ሊያግዛት አልነበረም። የሥራ ጃኬቱን ለብሶ የመኪናውን ቁልፍ ጣቱ ላይ ያሽከረክራል። ድምፁ እንደ ተቆጣ ሰው አልነበረም። ስለ አየሩ የሚያወራ ነበር የሚመስለው።

«ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው እኮ። እንደ ደንቡ ፈታ ፈታ አድርገሽ ታይዋለሽ፣ ከዚያ አይጠገንም ትያቸዋለሽ። የመጣሽበትን እኔ እከፍልሻለሁ።»

«ሳላየው?»

«ማን አትዪው አለሽ? እይው። እኔ የምልሽ መጨረሻውን ነው።» ሁለት ደረጃ ወጣና ሌላ ነገር ትዝ ያለው መስሎ ዞር አለ። «ስብሰባው ዛሬ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፣ ታች መግቢያው ጋ። የምድር ቤቱ ጉዳይ ይነሣል። ያንቺን ነገር እኔ ራሴ ነኝ የማቀርበው፣ ምንም አታስቢ።»

ዶብሪንካ ሣጥኗን ይዛ ተከተለችው። ስቪለን የሕንፃው ኮሚቴ ሰብሳቢ ነው። ምድር ቤቱ ድሮ ነዋሪው ሁሉ ልብስ የሚያሰጣበት የጋራ ክፍል ነበር፤ ሰዉ በየበረንዳው ገመድ ሲዘረጋ ባዶ ቀረና ባሏ ማኖል የጥገና ሥራውን ይዞ ገባበት። ማኖል ከሞተ ሁለት ዓመት አልፏል። መፍቻውም ደንበኛውም የእሷ ሆኖ ቀርቷል፤ መጀመሪያ ላይ ሴት ማሽን ስትፈታ ለማየት ብቻ የተሰበረ ማሞቂያ ይዘው የሚወርዱ ሽማግሌዎች ነበሩ፣ አሁን ግን በቡልጋሪያዋ ስሊቨን ከተማ በዚህ ሠፈር ሌላ ጠጋኝ የሚፈልግ የለም። ክፍሉን በወረቀት የሰጣት ሰው ግን አልነበረም። የስቪለን የእህት ልጅ ለዕቃ ማከማቻ ይፈልገዋል የሚል ወሬ ከተሰማ አንድ ወር ሆኖታል። ምድር ቤቱ ከሄደ ሥራዋን የምታዛውርበት ቦታ የላትም፤ የምትኖርባት አንዲት ክፍል ከአልጋና ከጠረጴዛ በላይ አትችልም።

በሩን የከፈቱት አማቱ እማማ ጾና ራሳቸው ናቸው። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። እንግዳ ይመጣል ብለው ሹራባቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈዋል፣ ሽበታቸውንም በውኃ አስተኝተው አበጥረዋል። ስቪለን አልፏቸው ገባና ከበሩ ሥር የነበረውን የእሳቸውን ነጠላ ጫማ በእግሩ ወደ ግድግዳው ጠጋ አደረገው። «እማማ፣ ዶብሪንካ መጥታለች። ያለውን ነገር እሷ ትነግርዎታለች» አላቸውና ወጥ ቤቱ በር ላይ ተደግፎ ስልኩን አወጣ። ቤቱ ሦስት ክፍል ነው፤ ትንሿ፣ ወደ ተራራው የምታየውና ነፋስ የሚመታት፣ የአማቱ ናት። በመተላለፊያው ላይ የተፈታ የሕፃን አልጋ በካርቶን ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል።

መታጠቢያ ቤቱ ሁለት ሰው አያስቆምም። ገንዳው ውስጥ ሁለት አንሶላ በውኃ ተዘፍዝፎ የበረኪና ሽታ ዓይን ይቆጠቁጣል። ዶብሪንካ ማሽኑን ከሶኬት ነቀለች፣ በጉልበቷ ገፋ እያደረገች ከግድግዳው አራቀችው፣ የጀርባውን ክዳን ስድስት ብሎን ፈታች። ገና ክዳኑን ሳታነሣ እጇ ብልሽቱን ያውቀው ነበር። በማሽኑ ወለል ላይ ጥቁር የላስቲክ ብናኝ ተነስንሷል። ሞተሩ ልብሱን የሚያዞርበት የላስቲክ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ከትልቁ መዘውር፣ ከፑሌጃው ላይ ወርዶ እንደ አሮጌ ካልሲ አፍ ተለጥጦ ተንጠልጥሏል፤ ጥርሶቹ ተሰነጣጥቀዋል፣ አንደኛው ጠርዝ ተተልትሏል። ሌላው ሁሉ ጤነኛ ነው። ልብስ የሚገባበትን ከበሮ በእጇ ስታዞረው ለስልሶ፣ ድምፅ ሳያሰማ ዞረ፤ ዘንጉን የሚሸከመው የብረት ቀለበት፣ ኩሽኔታው፣ ደህና ነው ማለት ነው። የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ልኩ የሆነ አዲስ ቺንጋ ምድር ቤት ምስማር ላይ ተሰቅሏል፣ ዋጋውም ስቪለን ለአንድ ሳምንት ሲጋራ ከሚያወጣው ያነሰ ነው።

«ቺንጋው ነው አይደል?» አሉ እማማ ጾና። መተላለፊያው ላይ በርጩማ አስጠግተው ተቀምጠዋል። «እኔ እኮ ክር ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርቻለሁ፣ ልጄ። አንድ ቺንጋ ከመበጠሱ በፊት ሳምንት ሙሉ ነው የሚያፏጨው። አለቃው አይሰማውም፣ እኛ ግን እንሰማዋለን። ይሄም ሲያፏጭ ነበር። ለልጄ ለኔቬና ነግሬያት ነበር።»

ስቪለን ከስልኩ ላይ ዓይኑን አላነሣም። ሆኖም ጣቱ መንቀሳቀሱን አቆመ። ዶብሪንካ ካቻቪቴዋን ይዛ ከተንበረከከችበት ቀና አለች። በኋላ ስታስበው ያፈረችው በውሸቱ ብቻ ሳይሆን ውሸቱ ምላሷ ላይ ሳይደናቀፍ በመውጣቱ ነበር።

«ቺንጋውማ ሄዷል፣ እማማ። ግን ኩሽኔታውም ሄዷል። ከበሮውን የሚይዘው ዘንግም ተበልቷል። የሚጠገን አይደለም።»

አሮጊቷ የበሩን መቃን ይዘው ተነሡ። ቀስ ብለው ገቡና ከዶብሪንካ ትከሻ በላይ እጃቸውን ሰድደው ትልቁን ፑሌጃ አዞሩት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። ማሽኑ ምንም አላለም። ሦስቱም ምንም አለማለቱን ሰሙ።

«ኩሽኔታ ሲሄድ ይጮኻል» አሉ።

«ሲሞቅ ነው የሚጮኸው።»

«እንዲያ ከሆነ እሺ።» ጣታቸው በላስቲክ ብናኝ ጠቁሯል። አዩትና በሽርጣቸው ጠረጉት፤ ደግመውም ጠረጉት፤ ከዚያ ወደ በርጩማቸው ተመለሱ። ስቪለን «ሰሙ አይደል እማማ? እኛም ያልነው ይሄንኑ ነው» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ዶብሪንካ ስድስቱን ብሎን መልሳ አስራ ማሽኑን ወደ ግድግዳው ገፋች። በሩ ላይ ስቪለን የሰጣትን ገንዘብ ሳታየው ተቀበለች፤ አሮጊቷን ደህና ይሁኑ ስትል ድምፃቸው ከውስጥ መጣ፣ «አመሰግናለሁ ልጄ፣ ደረጃው ላይ ተጠንቀቂ።»

ምድር ቤት ስትወርድ ሦስተኛ ፎቅ የምትኖረው ፔና የአቧራ መጥረጊያ ማሽኗን ታቅፋ በር ላይ ስትጠብቃት አገኘች። ፔና ጡረታ የወጣች የአውቶቡስ ቲኬት ቆራጭ ናት፤ በዚህ ሕንፃ ውስጥ ማን ምን እንደ በላ ሳታውቅ አትተኛም። ማሽኑ ይጮኻል እንጂ አይስብም፣ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል አለች። ዶብሪንካ ብሩሹን ገለበጠችው። የፔና ረጅም ቀለም የተቀባ ፀጉር ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ቆልፎታል፣ ትንሿ ቺንጋ ባለችበት ስትፈተግ ቀልጣ ሁለት ቦታ ተበጥሳለች። ፀጉሩን በምላጭ እየቆረጠች ማውጣት ጀመረች።

«ይሄ ሁሉ የኔ ነው?» አለች ፔና።

«የማን ይሆናል?»

«እንግዲያው ራሴ ላይ ምን ቀረ ልትይኝ ነው።» ሣቀች፣ ከዚያ ሣቋን ሳትጨርስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «እማማ ጾና ሰኞ ሊሄዱ ነው አሉ። ሰማሽ?»

«የት?»

«የአረጋውያን መጦሪያ ነዋ። ከከተማ ወጣ ብሎ ያለው። ለብርዱ ወራት ብቻ ነው እየተባለ ነው። ማሽኑ ተበላሽቷል፣ ሌሊት ሌሊት ደግሞ አንሶላቸው ይርሳል፣ ያንን ሁሉ በእጅ ማን ያጥበዋል? አዲስ ማሽን እስኪገዛ ነው ይላሉ።» ፔና ወደ ጣሪያው አየች፣ ስድስት ፎቅ ኮንክሪት አልፎ የሚሰማት ሰው ያለ ይመስል ድምጿን ዝቅ አደረገች። «አልጋውን ግን ያስያዙት በመስከረም ነው። እኔ ከማን እንደሰማሁ አትጠይቂኝ። የኔቬና ልጅ ከነባሏ ከነሕፃኗ ተመልሳ ልትገባ ነው፤ ከተከራዩበት አስወጥተዋቸዋል። እስቲ የት ይግቡ? እኔ በማንም አልፈርድም። ኔቬና ከምትሠራበት ፋርማሲ ስትመለስ ሊፍቱ በር ላይ ቆማ ስታለቅስ በዓይኔ አይቻታለሁ። ለእናቷ ግን አፍ አውጥታ አልነገረቻቸውም። እንዴት ብላ ትንገራቸው? ማሽኑ ሲበላሽ እንደው እግዜር የላከላት ነው የመሰለው።»

ዶብሪንካ አዲሷን ቺንጋ በትንሹ ዘንግና በብሩሹ መካከል አስገብታ በአውራ ጣቷ ለጠጠቻት። ብሩሹን አዞረችው፤ ዞረ። ሰካችውና ማሽኑ ሲጮኽ ፔና መናገሯን አላቆመችም፣ አፏ ሲንቀሳቀስ ብቻ ይታያል። ሲጠፋ የተሰማው የመጨረሻው ነበር፦ «...እጄን ላንቺ ነው የማወጣው፣ ሌላውም እንደዚያው። ስቪለን ካለ አለ ነው።»

ፔና ስትሄድ ዶብሪንካ ዳቦዋን በበርበሬ ድልህና በአይብ ቆማ መብላት ጀመረች፤ ግማሹን መልሳ ጠቀለለችው። በግድግዳው ላይ ማኖል በየልካቸው የሰቀላቸው ቺንጋዎች ከሰፊ እስከ ጠባብ ተደርድረዋል፤ ከሥራቸው በእርሳስ የጻፈው ቁጥር አሁንም ይነበባል። ከላይ ያሉት ሰዎች ለሦስት ወር ሊናገሩት ያቃታቸውን ነገር ዛሬ ጠዋት በጉልበቷ ተንበርክካ እሷ ተናግራላቸዋለች። አዲስ ማሽን እስኪገዛ። የሚገዛ ማሽን እንደሌለ ታውቃለች፤ ቤት ውስጥ አንድ ማሽን አለ፣ እሱም ደህና ነው። ከአራተኛው ምስማር ላይ ቺንጋውን አወረደች፣ ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው፣ አወጣችው፣ መልሳ ከተተችው። ስምንት ሰዓት ላይ ስቪለንም ኔቬናም ሥራ ላይ ናቸው። በሩን ቆልፋ ወጣች። ሊፍቱን አልጠበቀችም፤ ስድስቱንም ፎቅ በእግሯ ወጣች፣ እንደ አገሩ ልማድ በየፎቁ በር ላይ የተለጠፉትን የሟቾች ፎቶዎች እያለፈች።

እማማ ጾና ሲከፍቱ አፋቸው ውስጥ መርፌ ነበር። መርፌውን ከከንፈራቸው አውጥተው ደረታቸው ላይ ሰኩና «ግቢ፣ ነፋስ ይገባል» አሉ። ትንሿ ክፍል ውስጥ አልጋው ላይ አንድ ሻንጣ አፉን ከፍቷል። ካልሲዎች፣ ሁለት የሌሊት ልብስ፣ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ፣ ፎጣዎች። በእያንዳንዱ ጠርዝ ላይ በቀይ ክር የስማቸው ሁለት ፊደላት ተሰፍተዋል፤ የቀረው የውስጥ ልብስ ጭናቸው ላይ ነበር።

«ልብስ ይቀላቀላል አሉ እዚያ። ኔቬና እስክሪብቶ ገዝታልኝ ነበር፣ የማይለቅ ነው ብላ። ሁሉም ይለቃል። ክር ይሻላል።»

ዶብሪንካ ሣጥኗን ወለሉ ላይ አስቀመጠች። «ጠዋት ዋሽቼዎታለሁ፣ እማማ።»

«አውቃለሁ፤ ተቀመጪ።»

«ኩሽኔታው ደህና ነው። ቺንጋው ብቻ ነው። ይዤው መጥቻለሁ፣ አሁን እገጥምልዎታለሁ። ማታ ሲመጡ ማሽኑ እየሠራ ያገኙታል፣ ምንም የሚሉት አይኖራቸውም።»

አሮጊቷ መርፌውን ከደረታቸው ነቅለው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።  መስኮቱን ነፋሱ ይነቀንቀዋል፣ ክፍተቱ ላይ ጋዜጣ ተጠቅጥቋል።

«ተዪው» አሉ። «ልጄን አውቃታለሁ። ከበጋው ጀምሮ ሦስት ጊዜ እዚህ አልጋ ላይ አጠገቤ መጥታ ተቀምጣ፣ 'እማዬ' ብላ፣ አፏን ከፍታ ዘጋችው። ሦስት ጊዜ። አንዴ ስለ መድኃኒቴ ጠየቀችኝ፣ አንዴ መጋረጃው ይታጠብ አለችኝ፣ አንዴ ዝም ብላ ተነሥታ ሄደች። ማሽኑ የቆመ ቀን ግን ፊቷን ብታይው። እንቅልፍ የጠገበች ነው የመሰለችው።» ጭናቸው ላይ ያለውን ልብስ አጠፉት። «ይሄ ቢሠራ ሌላ ነገር ይፈልጋሉ። ምድጃውን፣ ደረጃውን፣ ሊፍቱን። ሌላ ነገር ሲያጡ ደግሞ 'አንቺ ከበድሽን' ማለት ይመጣል። እሷ እንድትለው አልፈልግም። አንዴ ካለችው እሷም አትረሳውም፣ እኔም አልረሳውም። ምክንያቱ ማሽኑ ይሁን።»

«ለብርዱ ወራት ነው ብለው ነግረውዎታል?»

«ብለውኛል። እኔም እሺ ብያለሁ።»

ዶብሪንካ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀመጠች።  እማማ ጾና ቀጠሉ፣ አሁን ድምፃቸው እንደ ባለጉዳይ ሆኖ። «አንድ ጊዜ ግን ይዙርልኝ። እዚያ ገንዳ ውስጥ ያሉት ሁለት አንሶላዎችና ይሄ ብርድ ልብስ። እጄ መጭመቅ አይችልም። የሸተተ ነገር ይዤ አልሄድም። እዚያ ያሉት ሴቶች መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።»

ስለዚህ ገጠመችው። ማሽኑን ዳግመኛ ከግድግዳው አራቀች፣ ስድስቱን ብሎን ፈታች፣ አሮጌውን አውጥታ አዲሱን ቺንጋ መጀመሪያ በሞተሩ ትንሽ ፑሌጃ ላይ አለበሰች። ትልቁ ላይ ለማውጣት ጉልበት ይጠይቃል፤ አንድ ቦታ ላይ በገመድ አሰረችውና «ቀስ ብለው ያዙሩልኝ» አለች። እማማ ጾና በሁለት እጃቸው ፑሌጃውን ያዙ። እጃቸው አጥንትና ሥር ብቻ ቢሆንም አያያዙን አልረሳም፤ ጣታቸውን ከቺንጋው መስመር አርቀው፣ በመዳፋቸው ገፉት። ቺንጋው እየተለጠጠ ወጣ፣ አንድ ጊዜ ጧ ብሎ ቦታው ገባ። ዶብሪንካ ገመዱን ቆርጣ ከበሮውን ሁለቴ አዞረች። አሮጊቷ «ልኩ ነው፣ አልጠበቀም አልላላም» አሉ፣ እሷ ሳትጠይቃቸው።

አንሶላዎቹንና ብርድ ልብሱን ከትተው አስነሡት፤ ማጠቡ አንድ ሰዓት ፈጀ። መተላለፊያው ላይ አንዳቸው በርጩማ፣ አንዳቸው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀመጡ። ያወሩት ትንሽ ነው። ፋብሪካው ሲዘጋ ማሽኖቹን በኪሎ ሸጠዋቸዋል፤ እማማ ጾና በር ላይ ቆመው ሲጫን አይተዋል። አይብ ስንት ገባ ብለው ጠየቁ፣ ነገረቻቸው፣ አላመኑም። ማኖል እንዴት እንደሞተ ጠየቁ፤ ዶብሪንካ ምድር ቤት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ የሰው ማሽን ፈትቶ ሳይገጥም ነው አለች። ባለቤቱስ ማሽኑን ወሰደ? አዎ፣ እኔ ገጠምኩለት። እንደዚህ ነበር የጀመርሽው? እንደዚህ ነው። ማሽኑ ውኃውን ጨርሶ መጭመቅ ሲጀምር ወለሉ ተንቀጠቀጠ። እማማ ጾና ተነሥተው እስኪቆም ድረስ መዳፋቸውን ክዳኑ ላይ አስቀመጡ።

«አሁን ፍቺው» አሉ።

«እማማ...»

«አዲሱን ይዘሽ ሂጂ፣ አሮጌውን መልሺበት። ነገ ስቪለን ከፍቶ ቢያይ የሚያየው ያንን ይሁን። ቢጠይቁሽ ማሽኑ ነው በይ። ማንም ይጠይቅሽ። ኔቬናም ብትጠይቅሽ።»

ዶብሪንካ ብዙ ቺንጋ አውልቃለች፤ ሁሉንም ያወለቀችው በምትኩ ሌላ ልታስገባ ነው። ይሄኛው ጥርሶቹ አዲስ ስለሆኑ ስታወልቀው እጇ እስኪላጥ ጠብቆ ያዛት። ገና አውልቃው ተንበርክካ ሳለች የቁልፍ ድምፅ ተሰማና ኔቬና ገባች። ከፋርማሲው ቀደም ብላ ወጥታለች፣ ነጭ ጋዋኗ ከካፖርቷ ሥር ይታያል። አምሳ ዓመት ሞልቷታል፤ ፊቷ ግን ከእናቷ ፊት የደከመ ነው። መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ቆመች። ከግድግዳው የራቀውን ማሽን አየች፣ በዶብሪንካ እጅ ያለውን ጥቁር ቺንጋ አየች።  እናቷ በረንዳው ላይ አንሶላውን ለመስቀል እየታገሉ ነበርና ወደዚያ ሄደች።

ከመታጠቢያ ቤቱ በረንዳው በመስታወቱ ይታያል። ኔቬና የአንሶላውን አንድ ጫፍ ከእናቷ እጅ ተቀበለች። «ማን አጠበው?» አለች።

«እኔ። በእጄ።»

ኔቬና አንሶላውን ከፍ አድርጋ ያዘችው። በእጅ የተጨመቀ አንሶላ ገመድ ላይ ሲወጣ ይንጠባጠባል፤ ከዚህ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ይዛው ቆየች። ጫፉን በጣቶቿ መካከል አሸችው። ከዚያ ከገመዱ ላይ መቆንጠጫ አንሥታ አሰረችው፣ ሁለተኛውንም አሰረች፣ ፊቷን ወደ አንሶላው አድርጋ «እጅሽን ያምሻል እኮ፣ እማዬ» አለች።

«አላመመኝም።»

 ብርድ ልብሱን ሁለቱም በየጫፉ ይዘው ሰቀሉት። ዶብሪንካ አሮጌውን ቺንጋ በነበረበት አንጠልጥላ ክዳኑን አሰረች፣ ማሽኑን ወደ ግድግዳው ገፋች፣ አዲሱን ሣጥኗ ውስጥ ከትታ በራሷ በሩን ከፍታ ወጣች።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መግቢያው ላይ ሃያ የሚሆን ሰው ቆሟል። መቀመጫ ስለሌለ ስብሰባው ሁልጊዜ ቆሞ ነው፤ አረጋውያን ደረጃው ላይ ይቀመጣሉ። ስቪለን ወረቀቱን ከመብራቱ ሥር ይዞ ስለ ሊፍቱ አነበበ፣ ስለ ሊፍቱ ተጨቃጨቁ፣ ምንም አልወሰኑም። ፔና ዶብሪንካን በክርኗ ነካ አድርጋ ጠቀሰቻት። ኔቬና ዘግይታ ወረደችና ካፖርቷን ትከሻዋ ላይ ጥላ ከሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆመች። ያኔ ነው አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ የክር ፋብሪካው መካኒክ የነበሩት አቶ ቶንቾ፣ በከዘራቸው ወለሉን መታ አድርገው የተናገሩት።

«ጾና ሰኞ ትሄዳለች የሚባለው እውነት ነው?»

«ለብርዱ ወራት ነው፣ አቶ ቶንቾ» አለ ስቪለን። «የልብስ ማሽናችን ተበላሸ። እሳቸውን ደግሞ ያለ ማሽን መያዝ አልቻልንም፣ እንደምታውቁት።»

«ማሽን እኮ ይጠገናል። እዚሁ ምድር ቤት ጠጋኝ አለችን።»

«አይጠገንም ብላናለች። ይኸውና ቆማለች፣ ጠይቋት።»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። ኔቬና ግን አልዞረችም፤ ከመጀመሪያውም ዓይኗ እሷ ላይ ነበር። ዶብሪንካ ሣጥኗን ምድር ቤት ትታው ስለመጣች በእጇ የምትይዘው ነገር አልነበራትም። ጠዋት ያንን ቃል ያወጣችው ለአንድ ክፍል ብላ ነበር። አሁን በአደራ ተሰጥቷታል፣ አደራውን የሰጧት ሴት ደግሞ ስድስተኛ ፎቅ ላይ በቀይ ክር ስማቸውን እየሰፉ ነው።

«ማሽኑ ነው» አለች። «አልቆለታል። አይጠገንም።»

አቶ ቶንቾ ከዘራቸው ላይ አገጫቸውን አሳረፉ። ስቪለን ወረቀቱን ገለበጠና ሁለተኛው ጉዳይ የምድር ቤቱ ነው አለ፤ ዶብሪንካ ለሕንፃው ምን ያህል እንደጠቀመች፣ ክፍሉም ለአምስት ዓመት በጽሑፍ ሊሰጣት እንደሚገባ ጥሩ አድርጎ ተናገረ። የሚደግፍ እጁን ያውጣ አለ። የፔና እጅ ቀድሞ ወጣ፣ ከዚያ የሌሎቹ፣ አቶ ቶንቾም ሳይቸኩሉ አወጡ። ኔቬና መጨረሻ ላይ ነው ያወጣችው። እስከ ትከሻዋ ብቻ አነሣችው፤ የጣቶቿ ጫፎች ከእርጥብ አንሶላው ቅዝቃዜ ገና ቀይ ነበሩ። ስቪለን አንድ በአንድ ቆጠረ፣ በሙሉ ድምፅ ብሎ ጻፈ፣ ከዚያም ወደ ሦስተኛው ጉዳይ፣ ወደሚያፈሰው ጣሪያ አለፈ።